ወርቅ የሌለው ሰም

በመሥሪያ ቤቶቻችን አንድ ልዩ ቋንቋ ይነገራል። ፊደሉ የእኛው ነው፤ ቃላቱም ከመዝገበ ቃላት ቢፈለጉ ይገኛሉ፤ ሰዋስውም ቢሆን እምብዛም አልጎደለውም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሰው አይገባም። «ጉዳዩ፦» ብሎ ይጀምርና ጉዳዩን ሳይነግረን «ከሰላምታ ጋር» ብሎ ይሰናበተናል። ከታች ማኅተም አለ፤ ከማኅተሙ አጠገብ ቲተር አለ፤ ከቲተሩ በላይ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ፊርማ አለ፤ በግርጌው ደግሞ ግልባጭ የሚደርሳቸው አምስት ክፍሎች ተደርድረዋል። ሁሉም አለ። ነገሩ ግን የለም።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ይህን ቋንቋ ለመክሰስ ነው። ከዚህ ግቢ ስንወጣ ብዙዎቻችን እንጀራችንን የምንበላው በእርሱ ነው። የሥነ ጽሑፍ፣ የታሪክ፣ የቋንቋ ተማሪ ተብለን ስንቀጠር የሚሰጠን መሣሪያ ብዕር ነው፤ የሚጠበቅብንም «ጥሩ ደብዳቤ» መጻፍ ነው። እንግዲህ ነገ ልንዘፈቅበት ከምንችለው ማጥ ጋር ዛሬውኑ እንጣላ።

፩. ሥልጠና የሚባለው መድኃኒት

በሥራ ቦታ ስለ መግባባት ሲነሣ ዘንድሮ የተለመደ መልስ አለ፤ ሥልጠና! ሠራተኞች ለሦስት ቀን የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባሉ። አሠልጣኙ ከረባቱን አስተካክሎ በፕሮጀክተር የሚያሳየን እንዲህ እያለ ነው፤ ስትነጋገሩ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ፈገግ በሉ፤ እጃችሁን አታጣምሩ፤ በጥሞና አድምጡ። ሻይ ይጠጣል፣ አበል ይከፈላል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ወደ ወንበሩ ይመለሳል፤ ባለጉዳዩም እንደ ቀድሞው «ነገ ተመለስ» ይባላል። ለውጡ ምንድነው ቢሉ፣ አሁን «ነገ ተመለስ» የሚለው ሰው ፈገግ ይላል።

በፈገግታ ላይ ጠብ የለንም። ጠባችን መግባባት ማለት የምላስ ቅልጥፍናና የፊት አያያዝ ነው ከሚለው ትምህርት ጋር ነው። የዚህ አገር ሠራተኛ መግባባት የማይችል ይመስል!

እስቲ ወደ አንድ ጋራዥ እንግባ። መካኒኩ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ እጁን ይዘረጋል፤ «ካቻቢቴ!» ይላል፤ ካቻቢቴ ይመጣለታል። «ፍሬን ርገጥ! ልቀቅ! ድገም!» ይላል፤ መሪው ላይ ያለው ልጅ ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይደግማል። ካቻቢቴው፣ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው ከጣሊያን አፍ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ሆኖም ማንም አይደናገርባቸውም፤ እያንዳንዳቸው አንድ የሚጨበጥ ዕቃ ይዘው ነው የሚመጡት። ከዚያ ወጥተን ታክሲ እንሳፈር። «ወራጅ አለ!» ሁለት ቃል ነው። ረዳቱ ሰማ፣ ሾፌሩ ሰማ፣ መኪናው ቆመ። ማንም «የመውረድ ፍላጎት መኖሩ ታውቆ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግ» አላለም። ብሎ ቢሆን ኖሮ ሜክሲኮ የሚወርደው ሰው ሳሪስ ይደርስ ነበር።

በገጠርም ያው ነው። ደቦ የወጣ ገበሬ ማን ከየት ጀምሮ እስከየት እንደሚያጭድ በሁለት ቃል ይግባባል፤ ዝናብ ሊመጣ ነውና ጊዜ የለውም።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሰርተፊኬት ሳይኖራቸው የተግባቡት፣ ሰርተፊኬት ያላቸው ያልተግባቡት ለምንድነው? ነገሩ ግልጽ ነው። ጋራዥ ውስጥ ቃል ሲሳሳት የሚቆረጠው የጓደኛ ጣት ነው፤ ጓደኛው ደግሞ አጠገብ አለ፤ ይጮኻል። ደቦ ላይ ቃል ሲሳሳት እህሉ የሁሉም ዓይን እያየ ይበሰብሳል። ስሕተቱ ተናጋሪውንም ሰሚውንም እኩል በሚመታበት ቦታ ቋንቋ ይጠራል። ስሕተቱ ሰሚውን ብቻ በሚመታበት ቦታ ግን ቋንቋ ይደፈርሳል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስላልገባ የሚጎዳው የጻፈው ሰው አይደለም፤ እርሱ ደመወዙን በ30 ይቀበላል። የሚጎዳው መስኮቱ ወዲያ ማዶ የቆመው ነው።

፪. በቅኔ ላይ የተመሠረተው የሐሰት ክስ

ሌላም መልስ የሚሰጡ አሉ፤ እነዚህ የተማሩ ናቸው። «ምን ይደረግ፣ ባህላችን ነው፤ እኛ የሰምና ወርቅ ሕዝብ ነን፤ ነገርን መሸፈን ደማችን ውስጥ ነው» ይላሉ። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጽሐፉ ይህንኑ «ሰምና ወርቅ» የሚል ስም ሰጥቶ፣ የአሻሚ አነጋገርን ጥቅም ሳይዘነጋ፣ ዘመናዊ አሠራር ከሚጠይቀው ግልጽነት ጋር እንደሚጋጭ ጽፏል። ከእርሱ ወዲህ ይህን አባባል ሳያላምጡ የሚደግሙ ብዙ ናቸው። ሰነፉ ቢሮክራት ሳይቀር ጥፋቱን በዋሸራ ሊቃውንት ላይ ማላከክ ጀምሯል።

ይኸ ስም ማጥፋት ነው። ቅኔን የሚያውቅ ሰው ቅኔ የመደበቂያ ጥበብ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። የአንጥረኛው ሰም ቅርጽ ይሰጣል፤ ከዚያ ይቀልጥና ወርቁ ይቀራል። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያም መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩ ያረመውን በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በሁለት ቤት ውስጥ የማያስፈልግ ቃል የሚገባበት ሥፍራ የለም። ሰሚው «ይበል!» የሚለው ወርቁን ሲያገኘው ነው። ባለቅኔው የሚደክመው ይገኝልኝ ብሎ እንጂ አይገኝብኝ ብሎ አይደለም።

የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤስ? ሰሙን ብናቀልጠው፣ ብንፍቀው፣ ብንቆፍረው ከሥሩ ምንም የለም። ሰም በሰም ላይ ነው። ይህን ከቅኔ ጋር የሚያዛምድ ቅኔንም ደብዳቤንም አያውቅም።

ደግሞስ ባህላችን ቅኔ ብቻ ነው ያለው ማነው? የ«በላ ልበልሃ» ሙግት የማን ነው? ተሟጋቹ ዳኛ ፊት ቆሞ፣ በማር በፈረስ በበቅሎ እየተወራረደ፣ ባለጋራውን «ተጠየቅ!» ብሎ ሲይዘው ባለጋራው «ልጠየቅ» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ይመልሳል። ጥያቄው ግልጽ ነው፤ ተጠያቂው ግልጽ ነው፤ መልሱ የዚያኑ ቀን ይሰማል። «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ብሎ የሚያመልጥ የለም። እንግዲህ ከባህል እንውሰድ ከተባለ ለሥራ የሚሆነው ይህ አለልን! «ተጠየቅ» የሚል ቃል ያለው ሕዝብ ግልጽ አነጋገርን ከውጭ አገር በሥልጠና ማስመጣት አያስፈልገውም።

፫. «ተ» የምትባል ፊደል

የመሥሪያ ቤት አማርኛ ትልቁ ምሥጢር አንዲት ፊደል ናት፤ «ተ»። «ወሰንኩ» በሚለው ቃል ውስጥ ሰው አለ፤ «ተወስኗል» በሚለው ውስጥ ግን ማንም የለም። «አምኜበታለሁ» ያለ ሰው ቢሳሳት ይጠየቃል፤ «ታምኖበታል» ሲባል ግን ማን አመነ? «ሆኖ ተገኝቷል» ይባላል፤ ማን ፈልጎ አገኘው? «መሆኑ ታውቆ» ይባላል፤ ዐዋቂው ማነው? መምህሮቻችን ይህን ተደራጊ ግሥ ብለው አስተምረውናል፤ መልካም ግሥ ነው፣ ቦታ አለው። በቢሮ ግን ሥራው አድራጊን ማሸሽ ሆኗል። «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ሲባል የመራው የለም፤ የሚመለከተውም አይታወቅም፤ የቀረው መንከራተት ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት ከእኛ መካከል አራታችን ለልምምድ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተልከን ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ሌሎቹም ያው ናቸው። ከመዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የሟች ባለቤታቸውን ጡረታ ለማስከበር ነው የመጡት። ወረቀቱን ከመቀነታቸው ፈትተው «እስቲ እናንተ የተማራችሁ አንብቡልኝ» አሉን። አነበብን። እንዲህ ይላል፦ «ያቀረቡት ማመልከቻ ለሚመለከተው ክፍል የተመራ ሲሆን አስፈላጊው ማጣራት እየተካሄደ በመሆኑ ውጤቱ እንደታወቀ የሚገለጽልዎ መሆኑን እያስታወቅን ስለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።» እማማ እስከ መጨረሻው አዳመጡና ጠየቁ፤ «ልጆቼ፣ እሺ ነው ያሉኝ እምቢ?»

አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እርስ በርስ ተያየን። ወረቀቱ እሺም አይልም፣ እምቢም አይልም። እምቢ ቢላቸው ኖሮ ይግባኝ ይላሉ፤ እሺ ቢላቸው ኖሮ ቀን ይቆጥራሉ። ይህ ግን ይግባኝ የማይባልበት እምቢታ ነው።

ይኸው ደብዳቤ እንዲህ ቢጻፍ ምን ይጎድልበታል? «ማመልከቻዎን ሰኔ 3 ቀን ተቀብለናል። የባለቤትዎ የአገልግሎት ማስረጃ አልተያያዘም። ከቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው አምጥተው ቢሮ ቁጥር 12 ይስጡን። በ15 ቀን ውስጥ እንመልስልዎታለን። ካልመለስን ለኃላፊው ያመልክቱ፤ ቢሮ ቁጥር 4።» ወረቀትም ቀለምም አይፈጅም። የሚፈጀው አንድ ነገር ነው፤ የጻፈው ሰው በ15 ቀን ውስጥ መሥራት አለበት። ድፍኑ ደብዳቤ ለምን እንደሚወደድ እነሆ! የዜጎች ቻርተር ተብሎ በየግድግዳው የተሰቀለው ሰሌዳ የአገልግሎቱን ደቂቃ ሳይቀር ይዘረዝራል፤ ከሰሌዳው ሥር የቆመው ባለጉዳይ ግን «ሲስተም የለም»፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ወረቀቱ አልወረደም» እየተባለ ጫማውን ይጨርሳል።

፬. ፍርሃት የጻፈው ደብዳቤ

ፍትሐዊ እንሁን። ያ ጸሐፊ ክፉ ስለሆነ ነው እንዲያ የጻፈው? አይደለም። የፈረመ ይጠየቃል። በ1966ም በ1983ም መንግሥት ሲለወጥ መዝገብ ተገልጦ «ማነው የፈረመው?» ተብሏል። ሠራተኛው ከዚህ አንድ ትምህርት ቀሰመ፤ ስምህን አታስገኝ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የቢሮው መተዳደሪያ ደንብ ሆነ። ያው ሕዝብ ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል ምሳሌም አለው፤ የሚጠቅሰው ግን አልተገኘም።

ግልጽ ንግግርን ለማስለመድ ተብሎ የመጣውስ ምን ሆነ? በ60ዎቹ «ሂስና ግለ ሂስ» ተባለ፤ ከ1983 በኋላ «ግምገማ» ተባለ። ስሙ መልካም ነው። ነገር ግን በስብሰባ ላይ አለቃውን የነቀፈ በማግሥቱ ሲዛወር፣ ጓደኛውን የነቀፈ ሲሾም ሠራተኛው ያየውን አየ። ሂስ ወደ ታች ሲሆን ዱላ፣ ወደ ላይ ሲሆን ራስን ማጥፋት ሆነ። አድርባዩ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አገኘ፤ «ጓድ ኃላፊው ጉድለታቸው ከመጠን በላይ መሥራታቸው ነው» ብሎ ነቀፈ! በየኮሪደሩ የተሰቀለችው የሐሳብ መስጫ ሣጥንም አለች፤ ቁልፏ ግን ሐሳብ ከሚሰጥበት ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

ዝምታ የሚያስከፍለው ዋጋ የአንዲት እናት ጡረታ ብቻ አይምሰለን። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በካናሪ ደሴቶች፣ በቴነሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጉም ውስጥ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ ከምክንያቶቹ ሁለቱ ግን የቋንቋ ናቸው። አንደኛው፣ ከኬ.ኤል.ኤም. አውሮፕላን የተላለፈው መልእክት አሻሚ ነበር፤ «ልንነሣ ተዘጋጅተናል» ተብሎም «እየተነሣን ነው» ተብሎም ሊሰማ ይችል ነበር፤ የማማው ሰው የመጀመሪያውን ተረድቶ «ኦኬ» አለ። ሁለተኛው የባሰ ነው። የበረራ መሐንዲሱ ተጠራጥሮ ያኛው አውሮፕላን ከመንገዱ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀ፤ አንጋፋው ካፒቴን እርግጠኛ ሆኖ መለሰለት፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። ከሰከንዶች በኋላ ሁሉም አለቀ።

ከዚያ ወዲህ የአቪየሽን ሰዎች ምን አደረጉ? ፈገግታ አላስተማሩም። «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ወሰኑ፤ አብራሪው የተሰጠውን ትእዛዝ መልሶ እንዲደግም አጠበቁ፤ የበታቹ አለቃውን «ቆይ!» እንዲል፣ አለቃውም እንዲሰማ ማሠልጠን ጀመሩ። ቋንቋውንም ሥልጣኑንም አብረው ነኩ። አንዱን ብቻ ቢነኩ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

የእኛስ ጤና ጣቢያ፣ የእኛስ ግንባታ ቦታ? ነርሷ ሐኪሙ ያዘዘው መጠን እንደበዛ አይታ «እርስዎ ያውቃሉ» ብላ ስታልፍ፣ የቀን ሠራተኛው መወጣጫው እንደላላ አይቶ ፎርማኑን ፈርቶ ሲወጣ፣ የቴነሪፍ ጉም እዚህም አለ ማለት ነው።

፭. በየትኛው ቋንቋ?

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ችግሩ አማርኛ ነው» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «መድኃኒቱ እንግሊዝኛ ነው» ይላሉ። በግል ድርጅቶች የሚሰማው «ፋይሉ ፔንዲንግ ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ አፕሩቭ አላደረገውም» የሚለው አነጋገር የኋለኞቹ ፍሬ ነው። የጋራዡ ካቻቢቴ ዕቃ ያቀብላል፤ የቢሮው «ፔንዲንግ» ግን «አላውቅም» ማለትን ያስጌጣል።

ሰፊው ሕዝብ በቋንቋው የመገልገል መብቱ የማያጠያይቅ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ ተጨማሪ የፌደራል የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፖሊሲ አጽድቋል። ደግ ነው፤ ይፈጸም! ነገር ግን አንድ ድፍን ደብዳቤ ወደ አምስት ቋንቋ ቢተረጎም የምናገኘው አምስት ድፍን ደብዳቤ ነው። የአማርኛን ሕመም ለእኅት ቋንቋዎች ማውረስ እኩልነት አይባልም።

ወደ ፋብሪካው ደግሞ እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የሁለቱንም ወገን መብትና ግዴታ በማያሻማ ሁኔታ በግልጽ ማስቀመጥ አለበት ይላል። ግልጽ ለማን? ከገጠር የመጣች የ19 ዓመት ወጣት ስፌት መኪና ላይ ልትቀመጥ ስትል በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ስትባል ውሉ ለአሠሪው ብቻ ግልጽ ሆኗል። ወዛደሩ ያልገባውን ውል ማፍረስ አይችልም፤ በውሉ መከራከርም አይችልም።

፮. ምን እንጠይቅ?

«ግልጽ የጻፈ እንጀራውን ያጣል» የሚሉን አሉ። እውነት አለበት፤ አንክድም። ስለዚህም ጀግንነትን ከአንድ ምስኪን ጸሐፊ አንጠይቅም፤ ደንብ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት መልስ ማን ወሰነ፣ ምን ወሰነ፣ ለምን ወሰነ፣ መቼ ይፈጸማል፣ ቅር ያለው ወዴት ይሂድ የሚሉትን አምስት ጥያቄዎች ሳይመልስ ማኅተም አይረፍበት። ሁለተኛ፣ «እምቢ» መልስ ነውና በግልጽ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ በሥራ ላይ አደጋ አይቶ የተናገረ የበታች ሠራተኛ ቢሳሳት እንኳ እንዳይቀጣ በጽሑፍ ይረጋገጥለት። አራተኛ፣ ሥልጠናው ይቅርና አለቆች በወር አንድ ቀን መስኮቱ ወዲያ ማዶ ይሰለፉ፤ የገዛ መሥሪያ ቤታቸውን ደብዳቤ ለማያነብ ሰው አንብበው ያስረዱ።

እኛስ? በዚህ ግቢ ሳለን ልናደርገው የምንችለው አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በየሠፈራችን ለጎረቤት ማመልከቻ እንጻፍ፤ የመጣላቸውንም መልስ እናንብብላቸው፤ ያልገባንን «አልገባንም» ብለን ለጻፈው ክፍል እንመልሰው። አንድ ደብዳቤ ቢመለስ ይጣላል፤ መቶ ቢመለስ መዝገብ ቤቱ ይጨናነቃል፤ ሺህ ቢመለስ አንድ ሰው ተነሥቶ «ኧረ እንዴት ነው የምንጽፈው?» ይላል። ነገ ብዕሩ በእጃችን ሲገባ ደግሞ አለቃው «በተለመደው አጻጻፍ አዘጋጀው» ይለናል። ያን ጊዜ «ወሰንኩ» የሚለውን «ተወስኗል» አድርጎ ማሽሞንሞን የቋንቋ ችሎታ ሳይሆን ወንጀልን መሸፈን መሆኑን እናስታውስ።

ቅኔው ለቅኔ ማኅሌት ይቆየን! ለባለጉዳይ እሺ ወይም እምቢ ይነገረው!